«በቃኝ» በፈረንሳይኛ እንዴት ይባላል

ወልቂጤ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ደረጄ፣

የጌታ ሰላም ከእርስዎ፣ ከእትዬ እሌኒና ከማርቲ ጋር ይሁን። እኛ ስሙ ይመስገን ሁላችን ደህና ነን። አባዬን ጉልበቱ ያስቸግረዋል እንጂ ድምፁ ያው ነው፤ እሑድ እሑድ ሲዘምር ከኳየሩ በላይ የሚሰማው እሱ ነው። «የአጎቴ ልጅ ለፈረንሳዮቹ ሲያስተረጉም እኛን ረሳን» እያለ ያማዎታል፣ ይወቁት።

እኔ የሳሙኤል ልጅ ኑኃሚን ነኝ። አገር ለቀው ሲሄዱ ገና ጡት ላይ ስለነበርኩ የማውቅዎት በፎቶና በወሬ ነው። አባዬ «ደሬ ስልክ አይወድም፣ ጻፊለት» ስላለኝ ይህን ጽፌ በቴሌግራም ላክሁልዎት።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ተምሬ ነበር፤ አሁን ወልቂጤ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አስተምራለሁ። አይሳቁ፣ ተማሪ አለኝ! ዱባለ የሚባል ባጃጅ ነጂ፣ ካናዳ ያለው ወንድሙ ሊወስደኝ ነው እያለ ይማራል። ከድሮ የሚባል ነጋዴ ጅቡቲ በምልክት መገበያየት ሰልችቶት መጥቷል። ከሁሉም ደግሞ ነዒማ አለች። ከቸሃ በሚኒባስ የምትመላለስ፣ ረጋ ያለች፣ ሰው ፊት ቀና ብላ የማታይ ልጅ ናት፤ አንዴ የነገሯትን ግን አትረሳም።

ሰኔ ላይ ማዳም ክሎዲን የምትባል ፈረንሳዊት ስለ እንሰት ልታጠና ቸሃ ትመጣለች። ጉራጊኛም ፈረንሳይኛም የምትችል አስተርጓሚ ትፈልጋለች። ከነዒማ ሌላ ማን አለ? ልጅቷ ደግሞ ይህ ሥራ የግድ ያስፈልጋታል። አባቷ ከሞቱ ወዲህ አጎቶቿ «ፈረንሳይኛ ቆጮ አይሆንም» እያሉ ነው፤ እስከ ሰኔ ብቻ ፈቅደውላታል። ከዚያ ወዲያ እቤት ነው።

ችግሩ ያለው ከኔ ነው። የኔ ፈረንሳይኛ የመጽሐፍ ነው። ማዳም በስልክ አናግራኝ «ደህና ትናገሪያለሽ፣ ግን ልክ እንደ አያቴ» አለችኝ! የምትፈልገው፣ ሰው በየቀኑ የሚያወራውን ቋንቋ የለመደች ልጅ ነው። እባክዎ ጋሼ፣ ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ማዕድ ላይ የሚባለውን፣ የአራዳውን ፈረንሳይኛ ይጻፉልኝ። ለእርስዎ ይህ ምን አላት!

ልጅዎ ኑኃሚን ሳሙኤል


ሊዮን፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ኑኃሚን፣

እንደምን ሰንብተሻል? የሰማይ አምላክ አንቺንም ወንድሜ ሳሙኤልንም ከክፉ ይጠብቅልኝ። እሌኒና ማርቲ ደህና ናቸው። ማርቲ አሥራ አምስት ሞላት፣ በጣም ጎበዝ ናት።

የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው። የኛ ቢሮ እንደምታስቢው አይደለም፤ ስብሰባ ነው፣ ወረቀት ነው፣ እነሱ ያለኔ አንድ እርምጃ አይሄዱም። የጠየቅሽኝ ግን በጣም አስደስቶኛል። አንድ የአገሬ ልጅ ከዚህ ከማውቀው እንድሰጣት ስትጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ጻፊ። ፈረንሳዮች ማዕድ ላይ ብላ ብላ ሲባሉ እንደኛው ነው የሚግደረደሩት። «ሴ ቦን፣ ላሽ ሟ» ይላሉ። «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አይቸገሩ» ማለት ነው። ዕቃ ልያዝልሽ ሲሉሽ «ሌስ ቶምቤ» ትያለሽ፤ «ኧረ ይተዉት፣ አይልፉ» ነው። ትልቅ ሰው ስለ ትምህርትሽ ሲጠይቅሽ ደግሞ «ቱ ካፕት ሪየን» ትያለሽ፤ ነገሩ ረጅም ነው፣ ቆይቼ አጫውትዎታለሁ እንደ ማለት ነው። ይህ ሁሉ መጽሐፍ ላይ የለም። ቤት ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው።

የአባቴ እንሰት እንዴት ሆነ? አጥሩን የሚያየው አለ? ጻፊልኝ።

ደረጄ፣ አስተርጓሚና አማካሪ


ወልቂጤ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ደረጄ፣

እጅዎን ይባርከው! እድሜና ጤና ከነሙሉ ቤተሰብዎ ይስጥልኝ። የአባትዎ እንሰት እንዳማረበት ነው፣ አጥሩንም አባዬ ባለፈው ክረምት አሳድሶታል።

ክፍላችን ደስ ብሎታል፣ ደስታ ብቻ አይደለም፣ አብዷል! የላኩልኝን በሙሉ ሰሌዳ ላይ ጽፌ እንደ ድራማ አሠራኋቸው። ከድሮ ጋባዥ፣ ነዒማ እንግዳ ሆኑ። ከድሮ ዳቦውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግቶ «በአላህ! እንዳታሳፍሪኝ!» ይላል። እሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ሴ ቦን፣ ላሽ ሟ» ስትል፣ ምን ልበልዎት፣ ጨዋነቷ እንባ ያመጣል።

ዱባለ ብቻ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ‹ላሽ› እኮ በኛም አራዳ ዞር በል ማለት ነው» አለኝ። «ይሄ ፈረንሳይኛ ነው፣ የመናኸሪያ ወሬህን ለመናኸሪያ ተው!» ብዬ አሳፈርኩት። ከዚያ ወዲህ ባጃጁ ላይ ሻንጣ የሚያነሳለትን ሁሉ «ሌስ ቶምቤ» እያለ ከተማውን አስለመደው።

አንድ ልመና አለኝ። አነባበቡን እንዳናበላሽ ማርቲ በድምፅ ቀድታ ብትልክልን? ተማሪዎቼ በእሷ ዕድሜ ያለች ልጅ ድምፅ ቢሰሙ ነፍሳቸው ነው። ማዳም የምትመጣበት ቀን እየቀረበ ስለሆነ ሌላም ቃል ይጨምሩልኝ።

ልጅዎ ኑኃሚን


ሊዮን፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ኑኃሚን፣

ሰላም ላንቺና ለቤተሰቡ ሁሉ ይሁን። ስለ አጥሩ ሳሙኤልን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።

የማርቲ ድምፅ ለጊዜው አይሆንም። ፈተና ላይ ናት። ደግሞም የልጅ አነጋገር ለትምህርት አይመችም። እኔ የምልክልሽ ይበቃል።

ጨምር ስላልሽኝ ይኸውልሽ። ባለፈው ድንገት ዝናብ ወረደና ጃንጥላ ይዤ ማርቲን ልቀበል ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆምኩ። ከጓደኞቿ ጋር ስትወጣ አየችኝና «ቱ ም ፉ ላ ኦንት» አለችኝ። እኛ ሰው ከልኩ በላይ ደግ ሲሆንልን «ኧረ አሳፈሩኝ!» እንደምንለው ነው። ስጦታ ሲሰጡሽ፣ ሲሸኙሽ፣ ውለታ ሲውሉልሽ ትያለሽ። ጓደኞቿም ሳቁ። ደስ የሚል ቃል ነው።

ስለ እንግዳይቱ የነገርሽኝን እያሰብኩ ነው። ነዒማ ታልፋለች፣ አይዞሽ። የኔ ቃል አያሳፍራትም።

ደረጄ


ወልቂጤ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ደረጄ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዛሬ ሰላምታዬን አላረዝምም፣ ይቅር ይበሉኝ። ጉድ ሆነናል።

ማዳም ክሎዲን ባለፈው ሳምንት መጣች። ጅማ መንገድ ላይ ባለ ሆቴል ግቢ ጥላ ሥር ተቀመጥን፣ እሷ፣ ነዒማና እኔ። ነዒማ ስለ እንሰት ስትጠየቅ እኔ አስተማሪዋ የማላውቀውን ሁሉ በፈረንሳይኛ ዘረገፈችው። ልቤ ጮቤ ረገጠ። ማዳምም ደስ ብሏት ኬክ አዘዘች፣ ሳህኑን ወደ ነዒማ ገፋ አድርጋ «ብዪ እንጂ» አለቻት።

የአገርዎን ልጅ ያውቋታል። ገና አንዴ ብዪ ስላሏት እጇን ትሰዳለች? እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በዚያ ትሕትናዋ «ሴ ቦን፣ ላሽ ሟ» አለቻት። ማዳም ሹካዋን አስቀመጠች። በትክክል ያልሰማች መስሏት ሳህኑን ደግማ ገፋችላት። ነዒማም እንደ ወጉ ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ «ላሽ ሟ፣ ማዳም» አለች።

ማዳም ሳቀች፣ በክፋት አይደለም። እሺ ይሁን ብላ ከቦርሳዋ ያመጣችላትን አንድ የሚያምር መዝገበ ቃላት አወጣችላት። ነዒማ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ብድግ ብላ፣ «ቱ ም ፉ ላ ኦንት» አለቻት።

ያኔ ሳቁ ቆመ። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለቻት። ነዒማ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

ማዳም ቀስ ብላ አስረዳችን። የመጀመሪያው «አትነዝንዘኝ፣ ልቀቀኝ» ነው አለች። ሁለተኛው «በሰው ፊት ታዋርደኛለህ» ነው። ሌሎቹንም ብጠይቃት፣ «ሌስ ቶምቤ» «በቃ ተወው» ነው፣ «ቱ ካፕት ሪየን» ያሉኝም «አንተ ምንም አይገባህም» ነው። ነዒማ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ መልሳ፣ ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ፣ ተነስታ ሄደች። ስልኳ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝግ ነው። «ሁለተኛ በፈረንሳይኛ አፌን አልከፍትም» ማለቷን የሰማሁት ከሚኒባሱ ረዳት ነው። አጎቶቿም እሰይ ብለዋል። ማዳም እስከ መስቀል አዲስ አበባ ናት፤ እስከዚያ ነዒማ ካልደወለች ሌላ ሰው ትወስዳለች።

አሁን የምጽፈውን ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ማዳም ክፍሌን ልታይ መጥታ ሰሌዳው ላይ የነበረውን አንድ በአንድ አነበበችው። ከዚያ «ኑኃሚን፣ ይሄ የመንገድ ቋንቋ አይደለም። ይህን ሁሉ የምትናገረው አንዲት ሰው ናት። ታዳጊ ልጅ ናት፣ የምትናገረውም ለአባቷ ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ ተናድጄብዎት ነበር። አሁን ግን አፍሬያለሁ ጋሼ። በነዒማ አፈርኩ፣ በዱባለ አፈርኩ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የእርስዎን ቤት ገበና ሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪ ሳስጮህ በመክረሜ አፈርኩ። ባይመልሱልኝም አልቀየምም።

ኑኃሚን


ወልቂጤ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ።

ደብዳቤዬን እንዳነበቡት ስልኬ ያሳየኛል። ድፍረት ከሆነብኝ ስለ ጌታ ብለው ይማሩኝ። አባዬ ምንም አያውቅም፣ አልነገርኩትም። ነዒማ እስካሁን አልመጣችም።

ኑኃሚን


ሊዮን፣ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኑኃሚን፣

እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ እኔንም ያጥናኝ። የምማርሽ እኔ አይደለሁም፣ አንቺ ነሽ የምትምሪኝ።

ቢሮ የለኝም። አስተርጓሚም አይደለሁም። የምሠራው ትልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፣ ድንችና ካሮት እልጣለሁ። አጠገቤ አንድ የአስመራ ሰውና አንድ የስሪላንካ ሰው ይቆማሉ። በፈረንሳይኛ የምንባባለው «ትኩስ ነው!» እና «ከኋላህ ነኝ!» ብቻ ነው። ሃያ አምስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። እሌኒ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት የማታ ተረኛ ናት፣ እራት የምንበላው እኔና ማርቲ ነን። በዚህ አገር በፈረንሳይኛ ከልቧ የምታናግረኝ እሷ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ ነው። ታዲያ አንቺ የቤቱን ቋንቋ ስትጠይቂኝ ከየት ላምጣልሽ?

ትርጉሙን አታውቅም ነበር ወይ ትዪኝ ይሆናል። ቃናውን አውቀዋለሁ። ከብት እንኳ ቃና ያውቃል። ግን አንድም ቀን ቃሉን ሰው አልጠየቅሁም፣ ፈራሁ። ማርቲ አንድ ነገር ስትለኝ «ይሄ እንዲህ ማለት ይሆናል» እያልኩ ለራሴ አሳምሬ ነበር የምኖረው። ለአንቺ የጻፍኩልሽ ያንን ነው፣ ራሴን የማባብልበትን። ነዒማ ላይ ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ደብዳቤሽን እየከፈትኩ ደጋግሜ አነበብኩት። በኋላ ማርቲን አስቀምጬ አነበብኩላት፣ አማርኛ ትሰማለች፣ ማንበብ ነው የማትችለው። ኬኩ ጋ ስደርስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ማዳም ለአንቺ ያለችው ጋ ስደርስ ሳቋ ጠፋ። ተነስታ በሯን ዘጋች።

በሳምንቱ መጥታ «ነዒማ ስልክ አላት?» አለችኝ። ዝግ ነው አልኳት። ድምፅ ቀድታ ሰጠችኝ፣ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እኔ አልሰማሁትም። ለእኔ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ማርቲ ክፉ ቃል አይወጣትም። ደግም አይወጣትም። አፏን ትከፍትና እኔን አይታ ትዘጋለች። ቤቱ ጭር ብሏል ኑኃሚን። ያቺኑ «ላሽ ሟ»ን ናፈቅኳት ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ደረጄ


ወልቂጤ፣ መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎት ጋሼ ደረጄ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎት! ሰላም ለቤትዎ ይሁን፣ በተለይ ለማርቲ።

የመስቀል ሰሞን ቸሃ ሄድኩ። መንገዱ አገሩ በሚገባ ሰው ተጨናንቆ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከበግ ጋር ተቃቅፌ ነው የደረስኩት። የነዒማ እናት ደጅ ላይ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ነዒማ ሰላም አለችኝ፣ ግን እንደ ድሮዋ «ቲቸር» አላለችኝም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላጣራ አስተማርኩሽ» አልኳት። «ቃሉ አይደለም ያሳፈረኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ማለቴ ነው» አለችኝ።

የማርቲን ድምፅ አውጥቼ ስልኩን ሰጠኋት። ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ገብታ ብቻዋን ሰማችው፣ ደግማም ሰማችው። ኋላ ጠርታ ለኔም ከፈተችልኝ። ማርቲ «እነዚህ የኔ ቃላት ናቸው፣ ያንቺ አይደሉም። አንቺ በጨዋ ደንብ አልሻቸው፣ እኔ በአባቴ ላይ ወረወርኳቸው፤ ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ» ትላለች። ደግሞ እርስዎ ያልነገሩኝን ትናገራለች። ያን ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ ጃንጥላውን እጇ ላይ ትተው በዝናብ እንደሄዱ፣ እሷም ከጓደኞቿ ጋር ከሥሩ ቆማ እያየችዎት እንዳልጠራችዎት። እዚያ ላይ ድምፅዋ ይሰበራል።

ነዒማ ስልኩን መለሰችልኝና «ማዳም መቼ ነው የምትመለሰው?» አለችኝ። እዚያው እኔ ፊት ደወለችላት፣ ራሷ ይቅርታ ጠየቀች፣ በፈረንሳይኛ። ማዳምም «ኬኩ ቀርቶብሻል፣ ሥራው ግን አለ» አለቻት። ጥቅምት ላይ ትጀምራለች። አጎቶቿም አልከለከሏትም፤ ትልቁ ብቻ ማዳም ቆጮ ትበላ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ዱባለንም ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ወር ሙሉ የሚኮራበት ነገር አገኘ። የእርስዎን ስም አላነሳሁም። አባዬ አሁንም አስተርጓሚ መሆንዎን እንዳመነ ነው። ቢነግሩትም ባይነግሩትም የእርስዎ ጉዳይ ነው።

ነዒማ የማርቲን ቁጥር ወስዳለች። እኛ ሰው ብላ ስንል እንዴት እንደምንለምን ላስተምራት ብላለች።

ልጅዎ ኑኃሚን


ሊዮን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ኑኃሚን፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ የነዒማንም ሥራ ይባርክላት።

ለሳሙኤል ደወልኩለት። በስልክ፣ በራሴ ድምፅ። ድንች ነው የምልጠው አልኩት። «ታዲያ ድንች ልትልጥ ነው ይህን ሁሉ መስቀል የቀረኸው?» አለኝ። ለሚቀጥለው ና ብሎኛል። በምን ፊቴ እንደምገባ እንጃ፣ ግን እሺ ብያለሁ።

ትናንት ማርቲ ፓስታ ሠራች። እኔ እንደ ወትሮዬ አንገቴን ደፍቼ ስበላ ሹካዋን ጠቅልላ አፌ አጠገብ አመጣችና «በሞቴ፣ አባዬ» አለችኝ። በሞቴ! ከማን እንደተማረችው ታውቂያለሽ። ደነገጥኩ። እንባዬ መጣና ሳፍር፣ ወጉም አንዴ እምቢ ማለት ስለሆነ፣ ሳላስበው «ሴ ቦን፣ ላሽ ሟ» አልኳት።

ፊቷ ቀላ። ዓይኗን ከኔ ላይ አነሳች፣ መለሰችው። ከዚያ ያ ሲጠፋብኝ የከረመው ሳቋ መጣ፣ ወንበሩን ይዛ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። «አባዬ፣ አነጋገርህ ልክ አይደለም፣ ቆጣ ብለህ ነው የሚባለው» ብላ ደግማ ደጋግማ አስባለችኝ።

ሹካው ግን አልወረደም። ሳቃችን እስኪያልቅ አፌ አጠገብ ነበር። ልጅ ስታጎርስ ሁለቴ እምቢ ማለት ነውር ነው። ጎረስኩ።

ደረጄ